የላፕቶፕ ሂንጅ ጥገና በጅማ፦ የቱ ጥገና ይቆያል፣ የቱስ ተመልሶ ይመጣል?

ላፕቶፑ ሲከፈት ከአንዱ ጥግ «ቀጭ» ይላል። ትንሽ ቆይቶ የስክሪኑ ፍሬም ከጀርባው ክዳን ተላቆ ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት ይታያል። ባለቤቱ «ሂንጁ (ስክሪኑን ከኪቦርዱ አካል ጋር የሚያያይዘው ማጠፊያ) ተሰበረ» ብሎ ወደ ጅማ መርካቶ ይዞት ይሄዳል። ሲፈታ ግን ብዙ ጊዜ ብረቱ ደህና ነው፤ የተነቀለው ብረቱ የታሰረበት ፕላስቲክ ነው። ጅማ ውስጥ የሚሰጠውን የሂንጅ ጥገና ጥሩና መጥፎ ብሎ ለመለየት ከዚህ መነሳት ያስፈልጋል። ፕላስቲኩን ብቻ ለጥፎ የሚመልስ ሱቅ የችግሩን ውጤት ነው የጠገነው፤ ፕላስቲኩን የነቀለው ጉልበት እዚያው አለ።

የበር ማጠፊያ በቀላሉ እንዲዞር ይፈለጋል። የላፕቶፕ ሂንጅ ግን መዞርም መያዝም አለበት፤ ስክሪኑ በተተወበት መቆም አለበት። ይህን የሚያደርገው በሰበቃ ነው። አንድ የብረት ዘንግ ላይ ሮንዴላዎች ተደርድረዋል፤ ከነሱ መካከል እንደ ሰሃን ጎበጥ ብለው እንደ ሞላ የሚገፉ አሉ፤ ጫፉ ላይ ያለው ዳዶ ሁሉንም ይጨቁናቸዋል፤ በመካከላቸው ግራሶ አለ። ዳዶው ሲጠብቅ ሂንጁ ይጠነክራል፣ ሲላላ ይለሰልሳል። ዳዶ የሌለው ዓይነትም አለ፤ በዘንጉ ዙሪያ የተጠቀለለ ላሜራ ነው የሚይዘው። እሱ አይላላም፣ ይቀየራል እንጂ።

ጉልበቱን በቁጥር ማየት ይጠቅማል። 600 ግራም የሚመዝን ስክሪን የክብደቱ መሃል ከሂንጁ 11 ሴንቲ ሜትር ቢርቅ፣ ጋደም ሲል 0.65 ኒውተን ሜትር (የማዞር ጉልበት መለኪያ ነው) ያህል ይጎትታል። ለሁለት ሂንጅ ሲካፈል ለአንዱ 0.32 ገደማ ይደርሰዋል። ዲዛይነሩ ጠረጴዛ በተነካ ቁጥር ስክሪኑ እንዳይወዛወዝ ይጨምርበታል፤ 0.5 እንበል። የሂንጁ እግር የታሰረባቸው ሁለት ብሎኖች 20 ሚሊ ሜትር ቢራራቁ፣ አንዱ ብሎን በግምት 25 ኒውተን ወደ ላይ ይነቀላል፤ ሁለት ኪሎ ተኩል ጤፍ እንደማንጠልጠል ነው። ርቀቱ 10 ሚሊ ሜትር ከሆነ 50 ኒውተን ይሆናል። ግራሶው ደርቆ ወይም ዘንጉ ዝጎ ሂንጁ በእጥፍ ከጠነከረ ደግሞ 100። ሲከፈት የፊተኛው ብሎን ነው የሚጎተተው፣ ሲዘጋ የኋለኛው። ያንን ሁሉ የሚሸከመው ፕላስቲክ ውስጥ በሙቀት የተቀበረች፣ ቁመቷ 3 ሚሊ ሜትር ያህል የሆነች፣ ብሎኑ የሚጠብቅባት የናስ ቀለበት ናት። ከአንድ ጥግ ይዞ የሚከፍት ሰው ደግሞ ጉልበቱን በአንዱ ሂንጅ ላይ ያበዛዋል።

የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ስለሚፈለፈል እግሩ የሚላቀቅበት መገጣጠሚያ የለውም። ላፕቶፕ እንደዚያ ሊሠራ አይችልም፤ ግን ሁሉም ላፕቶፕ እኩል ደካማ አይደለም። ስክሪኑ ኪቦርዱ ላይ የሚታጠፍ ኮምፒዩተር ተብሎ በቀዳሚነት የሚጠቀሰው፣ ቢል ሞግሪጅ የነደፈውና እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው ግሪድ ኮምፓስ፣ አካሉ ማግኒዚየም ነበር። ዛሬ ብዙ ተማሪ እጅ የሚገባው ርካሽ ላፕቶፕ ግን ሂንጁ ከፕላስቲክ ነው የሚታሰረው። ያገለገለ ላፕቶፕ የምትገዙ ከሆነ የሂንጁ እግር በብረት ፍሬም ላይ የታሰረውን ምረጡ፤ ከፕሮሰሰሩ ፍጥነት በፊት ይህ ይጠየቅ።

አሁን ወደ ጥገናው። በጣም የተለመደው፣ ርካሹና እዚያው ቆማችሁ የሚያልቀው ሱፐር ግሉ በቤኪንግ ሶዳ ነው። ዱቄቱ ላይ ጠብ ሲል ወዲያው ድንጋይ ስለሚሆን ዓይን ያታልላል። ድንጋይ መሆኑ ነው ችግሩ፤ በተከፈተ በተዘጋ ቁጥር የሚመጣውን መጎተት ተለጥጦ ከመቻል ይልቅ ይሰነጠቃል። ትነቱ ፕላስቲኩንና የካሜራውን መስታወት ነጭ ያደርጋል። ከሁሉ የከፋው ብሎኑ ጥርስ ውስጥ መግባቱ ነው፤ ቀጥሎ የሚጠግነው ሰው ለመፍታት የተረፈውን ፕላስቲክ መስበር ሊኖርበት ይችላል። ይህን ጥገና በነፃ ቢሰጧችሁም አትቀበሉ።

ሁለተኛው፣ ቀለበቷ ተነቅላ ግን የተቀበረችበት የፕላስቲክ ቤት ካልጠፋ፣ ሁለት ቱቦ ያለው ኢፖክሲ የሚባለው ማጣበቂያ ነው። እዚህ ጥሩ የሚሠሩ እጆች ጅማ ውስጥ አሉ። በትክክል ሲሠራ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። መጀመሪያ የባትሪው ሶኬት ይነቀላል። ከዚያ፣ ማንኛውም ማጣበቂያ ሳይከፈት፣ ሂንጁ ወጥቶ ይፈተሻል፦ እግሩ በፒንሳ ተይዞ ዘንጉ ይዞራል። አሮጌው ግራሶ እንደ ቅጥራን ጠቁሮ ሮንዴላዎቹ ጥግ ላይ ተጋግሮ ይታያል፤ ይጠረግና አዲስ ይቀባል። ዳዶው የአንድ ዙር አንድ ስምንተኛ ያህል ይላላል፣ ይሞከራል፣ ካስፈለገ ሌላ አንድ ስምንተኛ። ከዚያ በላይ በአንዴ ከተላላ ስክሪኑ መቆም ያቅተዋል። የቀኙና የግራው እኩል መሆን አለባቸው፤ አንዱ ብቻ ከላላ ስክሪኑ ይጠመዘዝና ያልተነካው ወገን በተራው ይነቀላል።

ከዚህ በኋላ ፕላስቲኩ በ120 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ይሻካራል፣ በአልኮል ይጠረጋል። ኢፖክሲው ከሁለቱም ቱቦ እኩል ወጥቶ ቀለሙ አንድ እስኪሆን ይማሰላል። ብሎኑ ጥርሱ ላይ ግራሶ ተቀብቶ ቀለበቷ ውስጥ ይገባል፤ ይህ ካልተደረገ ኢፖክሲው ብሎኑን ለዘላለም ይይዘዋል። ሂንጁ ራሱ እንደ መለኪያ ተቀምጦ ቀለበቷ ቦታዋን ትይዛለች፤ አንድ ሚሊ ሜትር ከተዛነፈች ክዳኑ ገጥሞ አይዘጋም። በአምስት ደቂቃ የሚደርቅ የሚባለው ኢፖክሲ በአምስት ደቂቃ የሚይዘው ቅርጹን ነው፤ ሙሉ ጥንካሬውን የሚያገኘው 24 ሰዓት ቆይቶ ነው። የከተማችን ጥገና ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ደንበኛው ቸኩሎ ከኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ በባጃጅ መጥቶ ቆሟል፣ ባለሙያው ማሳዘን አይፈልግም፣ ላፕቶፑ በሁለት ሰዓት ይመለሳል፣ ማታ ሲከፈት «ቀጭ»። እዚህ ላይ ጥፋቱ የሁለቱም ነው። ላፕቶፑን አሳድሩት።

ሦስተኛው፣ የፕላስቲኩ ቤት ተፈረካክሶ ከጠፋ፣ አካሉን በትራፓኖ በስቶ በብሎንና ዳዶ ማሰር ነው። ውበት የለውም፣ ከታች ሁለት የብሎን ራስ ይታያል፤ ግን ለእኛ ሁኔታ ከሁሉ የተሻለው እሱ ነው። በደንብ ሲሠራ ጉልበቱን የሚሸከመው ፕላስቲኩ ሳይሆን ከስሩ የሚገባ 1 ሚሊ ሜትር ላሜራ ነው። ብሎኑ 2 ወይም 2.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ራሱ ጠፍጣፋ ሆኖ የሚሰምጥ መሆን አለበት፤ አለበለዚያ ላፕቶፑ ጠረጴዛ ላይ ይንገዳገዳል። ዳዶው በጊዜ እንዳይላላ ጠብታ የጥፍር ቀለም ይበቃዋል። አደጋው ርዝመቱ ላይ ነው፦ ሁለት ሚሊ ሜትር የተረፈ ብሎን ማዘርቦርድ ሊነካ ወይም የስክሪኑን ኬብል ሊበሳ ይችላል። ከመበሳቱ በፊት ማዘርቦርዱና ባትሪው መውጣት አለባቸው፤ የብረት ብናኙም በብሩሽ መጠረግ አለበት። ሳይፈታ ከውጭ የሚበሳ ካያችሁ ላፕቶፑን ተቀብላችሁ ውጡ።

ሙሉ ክዳን ወይም የኪቦርዱን አካል መቀየርም ይቻላል። ዕቃው አብዛኛውን ጊዜ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ነው የሚመጣው፤ የሞዴሉ ቁጥር በአንድ ፊደል ከተሳሳተ ቀዳዳው አይገጥምም። አዲስ አካል ላይ የደረቀ አሮጌ ሂንጅ መልሶ ማሰር ደግሞ ገንዘብ መጣል ነው።

ሱቅ ስትገቡ ከዋጋው በፊት «ወንድሜ፣ በምን ነው የምትይዘው? ሂንጁንስ ታላላዋለህ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሂንጁን አውጥቶ በእጁ አዙሮ የሚያሳያችሁ ሰው ጋ ተቀመጡ።

ሲመለስላችሁ ስክሪኑን ከላይ መሃሉን ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ክፈቱ። ከ90 ዲግሪ ትንሽ አሳልፋችሁ ልቀቁት፤ ባለበት መቆም አለበት። ሊዘጋ ሲቃረብ በራሱ ቢወርድ ችግር የለውም። ከፍታችሁ እየዘጋችሁ ምስሉ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ብልጭ ካለ የስክሪኑ ኬብል ሂንጁ ስር ተቆንጥጧል፤ ዋይፋዩ ከበፊቱ ከደከመ የአንቴናው ሽቦ ነው፤ ሁለቱም በዚያው መንገድ ነው የሚያልፉት። በመጨረሻ ገልብጣችሁ ከታች ያሉትን የብሎን ቀዳዳዎች ቁጠሩ። አሥር ብሎን ይዞ ገብቶ በሰባት የሚወጣ ላፕቶፕ እዚህ ብርቅ አይደለም። ባዶው ቀዳዳ ከሂንጁ አጠገብ ከሆነ ሂሳቡን ሳትከፍሉ ብሎኑ እንዲገባ አድርጉ፤ ያ ብሎን ከጎደለ የተጠገነው ቤት የሱንም ድርሻ ይሸከማል።