የሶሌክስ ካርቡሬተር ኪት ለድሮ ቮልስ፦ የሚፈታውና የማይፈታው ችግር

ባለ 1200 ሲሲ የሆነ፣ ከእ.ኤ.አ. 1960ዎቹ መጀመሪያ የተረፈ ቮልስ ያለው ሰው ኦሪጅናሉን ሶሌክስ 28 ፒክት ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ክፍል) አውጥቶ እንዳይጥል። በርካሽ ከሚሸጠው ቅጂ ይልቅ አሮጌው ቢጠገን እጅግ ይሻላል። በኪቱ (በመጠገኛ ዕቃዎቹ ስብስብ) ውስጥ በአብዛኛው የክዳኑና የታችኛው መቀመጫ ጋስኬት፣ ፔዳል ሲረገጥ ቤንዚን የሚረጨው ፓምፕ ዲያፍራም (ስስ ሽፋን)፣ የቤንዚን መዝጊያ መርፌ ከነሮንዴላዋ ይገኛሉ። ቤንዚን ለሚያንጠባጥብ ወይም ፔዳሉ ሲረገጥ ለሚያመነታ መኪና ኪቱ ገንዘቡን የሚያወጣ ነው።

ሁለት ነገር ግን ልብ ይባል። አሮጌዋ ሮንዴላ ከመጣሏ በፊት ውፍረቷ በካሊብሮ ይለካ። አዲሷ ከወፈረች መርፌዋ ዝቅ ብላ ትቀመጣለች፣ ጋለጃንቱ (ተንሳፋፊው) ቶሎ ይዘጋል፣ ሞተሩ ዳገት ላይ ቤንዚን ያጥረዋል። ዲያፍራሙ ሲታሰር ደግሞ አራቱ ብሎኖች እስኪጠብቁ ድረስ የፓምፑ ክንድ እስከ መጨረሻው ተገፍቶ ይያዝ። አለዚያ ዲያፍራሙ ተወጥሮ ይቀርና ቶሎ ይቀደዳል።

ኪቱ ፈጽሞ የማይነካው ትልቁ ችግር የቢራቢሮዋ (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የምትከፍተውና የምትዘጋው ክዳን) ዘንግ ነው። ከስልሳ ዓመት በኋላ ዘንጉ የሚዞርበት ቀዳዳ ሰፍቶ አየር ይስባል። ጋስኬት ቢቀየርም ሚኒሞው (ፔዳል ሳይረገጥ ያለው የሞተር ዙር) ከፍ ዝቅ ይላል፣ መካኒኩም ብሎን ሲያዞር ይውላል። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ በዘንጉ ጫፍ ላይ ጥቂት የካርቡሬተር ማጽጃ ይረጭ (ጭስ ማውጫው ሳይግል)። ድምፁ ከተለወጠ መፍትሔው ቶርኖ ቤት ነው፦ ሁለቱም ጫፎች በአንድ መስመር ተቦርቡረው የነሐስ ቡሺንግ ይገባላቸዋል። ይህ ሳይሠራ ኪት መግዛት ብር ማባከን ነው።

ሌላው የከፍታ ጉዳይ ነው። የፋብሪካው ዋና ጄት (ቤንዚኑ የሚያልፍበት ባለ ቀዳዳ ብሎን) 122.5 ነው፤ ቁጥሩ የቀዳዳውን ስፋት በሚሊሜትር መቶኛ ይናገራል፣ ማለትም 1.225 ሚሜ። አዲስ አበባ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ጠለል በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፣ ቤንዚኑም ይበዛበታል። ካንዴላው በጥቀርሻ ይጠቁራል። ከ115 ወይም ከ117.5 መጀመር ተገቢ ነው፤ ድሬዳዋ ላሉት 120 ይስማማል። ካንዴላው የተቆላ ቡና መልክ ሲይዝ ልኩ ተገኝቷል። ጄት በኮምፕረሰር እንጂ በሽቦ አይጠረግ፣ ቀዳዳው ይሰፋል። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የፕላቲኑ (ለካንዴላው እሳት ኤሌክትሪክ የሚቆርጠው መገናኛ) ክፍተት 0.4 ሚሜ መሆኑ ይረጋገጥ።

ከ6 ወደ 12 ቮልት የተቀየረ መኪና ከሆነ የቾኩ (ሞተሩ ሲቀዘቅዝ አየር የሚያጠበው ክፍል) ማሞቂያ ላይ የተጻፈው ቮልት ይታይ። የ6 ቮልቱ በ12 ይቃጠላል።

ጄት በኪቱ ውስጥ የለም፣ ለየብቻ መግዛትም ያስወጣል። ስለዚህ የቮልስ ባለቤቶች በጋራ 115፣ 117.5 እና 120 ገዝተው እየተዋዋሱ ቢሞክሩ ይበጃል። ጄቱ ሲመለስ ሞተሩ ስንት ሲሲ እንደሆነና ካንዴላው ምን መልክ እንደያዘ በወረቀት ተጽፎ አብሮት ይሂድ፤ ቀጣዩ ሰው ከዚያ ይነሣል።