የብየዳ ስንጥቅ ማውጫው ቀይና ነጭ ስፕሬይ፣ ከወራት አጠቃቀም በኋላ

ደብረ ብርሃን ብየዳ ቤት ያላችሁ ሰዎች ስለዚህ ነገር ደጋግማችሁ ስለጠየቃችሁኝ ልጻፈው። ሦስት ጣሳ ነው፤ ማጽጃ፣ ስንጥቅ ውስጥ የሚሰርግ ቀይ ፔኔትራንትና ቀዩን መልሶ የሚያወጣ ነጭ ዴቨሎፐር። የተሳቢና የሮቶ ማቆሚያ ብየዳ እፈትሽበታለሁ። የወጣበት ብር አይቆጭም። መብራት ሲጠፋ እንኳ ይሠራል፣ ስቴንለስ ላይም ይሠራል።

ስላጉን (ብየዳው ላይ የሚቀረውን ቅርፊት) አራግፋችሁ ብየዳውን ታጸዳላችሁ፣ ቀዩን ትነፋላችሁ፣ ትጠብቃላችሁ፣ ትጠርጋላችሁ፣ ከዚያ ነጩን በስሱ። ስንጥቅ ውስጥ የሰረገውን ቀይ ነጩ መልሶ ይስበዋል። በተለይ ኤሌክትሮዱ ሲነሳ ትንሽ ጉድጓድ የሚቀርበትን የብየዳውን ጫፍ እዩት። በዓይን ምንም ስንጥቅ የማይታይባት ጉድጓድ፣ ነጩ ደርቆ ጥቂት ደቂቃ ሲቆይ፣ መሃሏ ላይ ኮከብ የመሰለ ቀጭን ቀይ መስመር ይወጣባታል። እኔ ስንት ጊዜ ከተናገርኩት ይልቅ አብረውኝ የሚበይዱትን ልጆች ያስተማራቸው ይቺ መስመር ናት፤ አሁን ጉድጓዷን ሳይሞሉ ኤሌክትሮድ አያነሱም።

ሥራውን የሚያበላሸው ጠረጋው ነው። ማጽጃውን በቀጥታ ብየዳው ላይ ነፍታችሁ ቀዩን አታጥቡ፣ ስንጥቁ ውስጥ ያለውንም ይዞት ይወጣል፣ ከዚያ የተሰነጠቀውን ደህና ነው ብላችሁ ታስረክባላችሁ። መጀመሪያ በደረቅ ጨርቅ፣ ቀጥሎ ማጽጃ በነካ ጨርቅ። ከምርመራው በፊት ግራይንደርም ይቅር፤ ብረቱን ጨፍልቆ የስንጥቁን አፍ ሊደፍነው ይችላል። የሽቦ ብሩሽ ይበቃል።

ብርዱን ደግሞ አትናቁት። ከ2,800 ሜትር በላይ ነን፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት ብረቱ እጅ ያደነዝዛል። ቀዩ በብርድ ይወፍርና ለመስረግ ይዘገያል። ብረቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሲሆን የተለመደው 10 ደቂቃ አያስተማምንም። እኔ ፀሐይ እስኪያሞቀው እጠብቃለሁ። ጣሳውን እሳት ዳር ማሞቅ ግን በፍጹም! ተቀጣጣይ ነው።

አሁን ዋናው ነገር። ይሄ የሚያሳየው አፉ ወደ ውጭ የተከፈተ ስንጥቅ ብቻ ነው። ውስጥ የቀረ ስላግ፣ ያልተያያዘ የብየዳ ሥር፣ የታፈነ የአየር ቀዳዳ አይታየውም። በማግኔትና በብረት ዱቄት የሚደረገው ሌላው ምርመራ ከላይኛው ገጽ ትንሽ ዝቅ ብሎ ያያል፣ ግን ማግኔት የሚስበው ብረት ላይ ብቻ። ለውስጡ አልትራሳውንድ ወይም ራጅ ያስፈልጋል፣ ስለዚህ ሰው የሚሸከም ወይም ከባድ ጭነት የሚያነሳ ነገር ከሆነ ባለሙያ ከነመሣሪያው አስመጡ፣ በቀዩ ብቻ አትማሉ።

ወፍራም ብረት ከሆነ እንደበየዳችሁ አትፈትሹ። እርጥበት ከያዘ ኤሌክትሮድ የሚመጣው ስንጥቅ ከአንድ ሁለት ቀን በኋላም ሊወጣ ይችላል፤ እኔ 48 ሰዓት አሳድራለሁ።

ስትገዙ የሚያበቃበትን ቀን እዩ፣ ነጩንም ነቅንቁት፤ ውስጡ ያለችው ኳስ ካልተንኳኳች ረግቷል ማለት ነው። አንድ ሱቅ እንደዚያ ያለ ሸጦልኝ ጠብታ ጠብታ እየተፋ ሥራ አስፈትቶኛል። ማጽጃውን ግን ሁለት ግዙ፣ ቀዩ ግማሽ ሳይደርስ ነው የሚያልቀው።