ባለ 650 ቪኤ ዩፒኤስ በድሬ ሙቀት

ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ የሚሸጠው ባለ 650 ቪኤ (ቮልት አምፒር) ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተርን በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ፣ ስሙ ከአቅሙ ይበልጣል፤ በአብዛኛው የሚሸከመው 360 ዋት ገደማ ነው። ለአንድ ዴስክቶፕ፣ ለስክሪንና ለራውተር ይበቃል። ሌዘር ፕሪንተር ግን በጭራሽ አይሰካበት፤ ማሞቂያው ሲነሳ ዩፒኤሱ እየጮኸ ይዘጋል።

ውስጡ ባለ 12 ቮልት፣ 7 አምፒር ሰዓት የእርሳስ ባትሪ አለ። በስሌት 84 ዋት ሰዓት ነው፤ ቶሎ ሲራገፍ ግን ግማሹ ከተገኘም ጥሩ ነው። 120 ዋት የሚበላ ኮምፒውተር 15 ደቂቃ ያህል ያቆያል። ሥራን ሴቭ አድርጎ ለማጥፋት እንጂ መብራት እስኪመጣ ለመጠበቅ አይሆንም።

ዋናው ጠላት ሙቀት ነው። የባትሪው ዕድሜ የሚሰላው በ25 ዲግሪ ሲሆን በየ10 ዲግሪው ጭማሪ በግማሽ ገደማ ያጥራል። የድሬን ቀትር የሚያውቅ ያውቀዋል! ስለዚህ ግድግዳ ላይ አይለጠፍ፤ ዙሪያውን አንድ ስንዝር ይተውለት።

ማታ ቮልቴጅ የሚወርድበት ሰፈር ከሆነ ከ140 ቮልት ጀምሮ የሚቀበለውን ይምረጡ። ከ170 የሚጀምረው መብራት እያለም ወደ ባትሪ እየዞረ ባዶ ያደርገዋል። ሲገዙ ክዳኑን አስከፍተው ባትሪውን በመልቲሜትር ይለኩ፤ ከ12.4 ቮልት በታች ካሳየ መደርደሪያ ላይ ብዙ ቆይቷል፣ ሌላ ያስመጡ።