ማፍሰሻ ክዳን ያለው ባለ3/4 ኢንች ቦል ቫልቭ፦ ከ13 ወር በኋላ

ኦሮራ፣ ኮሎራዶ። ቤዝመንት ውስጥ በሚያልፍ የመዳብ ቧንቧ ላይ የግቢው ስፕሪንክለር ዋና መዝጊያ ሆኖ 13 ወር አገልግሏል፤ እንደ አገራችን አቆጣጠር ሙሉ ዓመት፣ ግን ሁሉም የፀሐይ አልነበረም። ዓይነቱ ያለ ብየዳ ተገፍቶ የሚገባው፣ ፑሽፊት የሚሉት ነው። ዋጋው 30 ዶላር ገደማ። ያዋጣል።

ግን ከመግዛት በፊት የነጻውን መፍትሔ ሞክሩ። የድሮው ጌት ቫልቭ፣ እጀታው ብዙ ዙር የሚዞረው ዓይነት፣ የሚያንጠባጥበው ከእጀታው ሥር ከሆነ፣ ወራት ሳይነካ ሲቀመጥ የዘንጉ ማሸጊያ ደርቋል ማለት ነው። ዘንጉን የያዘውን ዳዶ አንድ ስምንተኛ ዙር አጥብቁ፤ ካልበቃው አንዴ ድገሙ። ከዚያ በላይ ሲሄዱ እጀታው አልዞር ይላል፣ በጉልበት ሲሉት ዘንጉ ይቆረጣል። ተዘግቶም ውሃ የሚያሳልፍ ከሆነ ግን ውስጡ ኖራና ደለል ይዟል፤ መቀየር ነው።

ገጠማው ላይ ዋናው ስህተት አቅጣጫ ነው። ቫልቩ በጎኑ የጥፍር ያህል የናስ ክዳን አለችው፤ ቦታዋ ውሃውን ከሚከፍተውና ከሚዘጋው የውስጥ ኳስ በኋላ፣ በግቢው ወገን ነው። ተገልብጦ ከተገጠመ ክዳኗ የከተማው ውሃ ግፊት ላይ ትውላለች፤ ሲከፍቷት ፊት ላይ ትረጫለች፣ የግቢው ውሃም አይወርድም።

የቤቱን ዋና ቫልቭ ዝጉ፣ ከታች ያለውን ቧንቧ ከፍታችሁ አራግፉ። ቧንቧ ውስጥ የቀረች ጠብታ ለብየዳ ጠላት ናት፤ ለዚህ ግን ምንም አይደለችም። ቁረጡ በቧንቧ መቁረጫ እንጂ በመጋዝ አይሁን፤ የብየዳ ቅሪት ያለበትን ጫፍም አልፋችሁ ቁረጡ። ጠርዙን አለስልሱ። ከጫፉ 1⅛ ኢንች ለክታችሁ በእስክርቢቶ ምልክት አድርጉ፣ ምልክቱ እስኪሸፈን ግፉ። ቫልቩ አፈሰሰ ከሚባለው ብዙው እዚህ የተበላሸ ነው፦ ሻካራ ጠርዝ ቫልቩ ውስጥ ያለውን የላስቲክ ቀለበት ይቆርጠዋል፣ ወይም ቧንቧው ግማሽ መንገድ ላይ ቀርቷል። ሌላው ችግር፣ ቧንቧው ግራና ቀኝ ግድግዳ ላይ ታስሮ ፈቀቅ የማይል ከሆነ ቫልቩ መሃል አይገባም፤ ቅርቡን ማሰሪያ መፍታት ያስፈልጋል።

አሁን ያለበት ሁኔታ፦ ሁለቱ መጋጠሚያዎች ደረቅ ናቸው። እጀታው ትንሽ ጠጠር ብሏል፣ በየሁለት ሦስት ወሩ ከፈት ዘጋ ማድረግ ያላላዋል። ቀዩ የእጀታ ሽፋን ተልጧል። ያስቸገረችው ክዳኗ ናት፤ በሰባተኛው ወር ላብ የመሰለ እርጥበት አሳየች። ምክንያቱ ውስጧ ያለው ጎሚኒ በፒንሳ ሲጠብቅ መጨፍለቁ ነው። አዲስ ጎሚኒ፣ በጣት ብቻ ማጥበቅ፣ አለቀ።

ለብርዱ፣ ኦክቶበር ላይ ቫልቩን ዝጉ፣ ግቢ ያለውን ማፍሰሻ ክፈቱ፣ ባልዲ ደቅናችሁ ክዳኗን ፍቱ። የቀረውን ውሃ ለማስወጣት አየር ሲነፋ፣ ለፖሊ (ፕላስቲክ) ቧንቧ ግፊቱ ከ50 ፒኤስአይ አይለፍ። ውጭ ባለው የኋሊት ፍሰት መከላከያ (የግቢው ውሃ ወደ መጠጥ ውሃው እንዳይመለስ የሚያግደው) ላይ ያሉትን ሁለት ቫልቮች 45 ዲግሪ ላይ ተዉአቸው፤ ሙሉ በሙሉ ሲዘጉ ኳሱ ውስጥ የቀረ ውሃ በርዶ ናሱን ይሰነጥቀዋል። በጸደይ ሲከፈት ደግሞ በዝግታ ይሁን፤ ሩብ ዙር ብቻ ስለሆነ እጅ ይቸኩላል፣ ባዶ ቧንቧ ውስጥ የሚወረወረው ውሃም የስፕሪንክለሩን ራስ ይነቅላል።