የድሮው ኦናን ጄኔሬተር ከወራት አገልግሎት በኋላ፦ ሞተሩ ደህና ነው፣ ሽቦውን አደራ

የምኖረው ኦሮራ፣ ኮሎራዶ ነው። ባለፈው ክረምት በእ.ኤ.አ. 1985 የተሠራ ዊኔባጎ ሞተርሆም (መኖሪያ ቤት የተሠራለት መኪና) ገዛሁ። ጎኑ ላይ ካለች ትንሽ በር ጀርባ 4 ኪሎዋት የሚሰጥ በቤንዚን የሚሠራ ኦናን ጄኔሬተር አብሮት መጣ። ስለ መኪናው ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ፤ ዛሬ ስለ ጄኔሬተሩ ብቻ ነው። ምክንያቱም ብዙ ሰው እንዲህ ያለ የድሮ ጄኔሬተር አልነሳ ሲለው «ይሄማ አልቆለታል» ብሎ ነቅሎ ይጥልና ብዙ ሺህ ዶላር ከፍሎ አዲስ ያስገጥማል። በጣም ያሳዝነኛል። ከመጣሉ በፊት ሽቦው ይታይ።

ዕቃው ራሱ ጠንካራ ነው። በደቂቃ 1800 ዙር ነው የሚዞረው። በየሱቁ የምናያቸው ርካሽ ጄኔሬተሮች አብዛኞቹ 3600 ይዞራሉ፤ በግማሽ ፍጥነት የሚሠራ ሞተር ጩኸቱም ያንሳል፣ ቶሎም አያልቅም። ኦናን ዛሬ በሞተር አምራቹ ከሚንስ ስር ስለሆነ ፊልተር፣ ካንዴላና የመሳሰለውን ማግኘት እስካሁን አልከበደኝም።

ስገዛው ግን ሁለት ችግር ነበረበት። ሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር) ባትሪ እንዳለቀበት መኪና እየተጎተተ ነው የሚያዞረው። እንደምንም ሲነሳ ደግሞ ማስነሻውን እስከተጫንኩ ድረስ ጥሩ ይሠራል፣ ጣቴን ሳነሳ ቀጥ። ሁለቱ የአንድ ችግር ምልክት ይመስላሉ፤ አይደሉም።

ከመጀመሪያው ልነሳ። ባትሪው 12.6 ቮልት ያሳያል፣ ማለትም ሙሉ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ቴስተሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) ኦም ላይ፣ ማለትም የገመድ ተቃውሞ መለኪያው ላይ ያደርግና ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ለክቶ «ገመዱ ደህና ነው» ይላል። ኦም እዚህ ያታልላል። ከወፍራሙ ገመድ ውስጥ አንዲት ቀጭን ክር ብቻ ሳትበጠስ ብትቀር እንኳ ቴስተሩ ዜሮ አካባቢ ያሳያል፣ ምክንያቱም ቴስተሩ በገመዱ ውስጥ የሚልከው ጅረት ኢምንት ነው፤ ሞተሪኖው ግን ከመቶ አምፔር በላይ ሊስብ ይችላል፣ ያን ጊዜ ነው የገመዱ ጉድ የሚወጣው። ስለዚህ የሚለካው ቮልት ነው፤ ያውም ሞተሪኖው እየዞረ።

አንዱን የቴስተር ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ራስ ላይ አደረግኩ፤ የገመዱ ማሰሪያ ላይ ሳይሆን እርሳሱ ራሱ ላይ። ሌላውን ጫፍ ጄኔሬተሩ ላይ ቀለም ያልነካው ብሎን ፈልጌ ያዝኩት። ባለቤቴ ውስጥ ሆና ማስነሻውን ተጫነች። 2.3 ቮልት። ከግማሽ ቮልት ማለፍ የለበትም፤ ጥሩ የሚባለው እንዲያውም ወደ 0.2 ነው። ከ12ቱ ቮልት ውስጥ ይህን ያህሉ ማሳው ላይ (ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ በሚመለሰው መስመር ላይ) እየቀረ ሞተሪኖው እንዴት አድርጎ ይዙር?

ምክንያቱ የአቀማመጡ ነገር ነው። ጄኔሬተሩ ንዝረት እንዳያስተላልፍ ጎማ ላይ ነው የተቀመጠው። ጎማ ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ብረት ሳጥን ውስጥ ስለተቀመጠ ብቻ ማሳ አለው ማለት አይደለም፤ የራሱ ወፍራም የማሳ ገመድ ያስፈልገዋል። የኔ ገመድ ከጄኔሬተሩ ተነስቶ ሻንሲው (የመኪናው የብረት አካል) ላይ ታስሯል። ዳዶውን ስፈታው ከስሩ ጥቁር ቀለም፣ ከቀለሙ ስር የሚላጥ ዝገት፣ የገመዱ ጫፍ ላይ ደግሞ አረንጓዴ ዱቄት አገኘሁ። ከውጭ ሲታይ ጥብቅ ያለ ደህና ብሎን ነበር። ብረቱን በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ፈተግኩት፣ አዲስ ወፍራም ገመድ በጥርሳም ሮንዴላ አሰርኩበት፣ ዝገት እንዳይመለስ ላዩን ግራሶ ቀባሁት። ድጋሚ ስለካ 0.2። ሞተሪኖው ወዲያው ተፈተለ። ከዚያ ወዲህ ብርድም ሆነ ሙቀት፣ በማስነሳት በኩል አንድም ቀን አላስቸገረኝም።

ጣት ሲነሳ መጥፋቱ ግን ቀጠለ። የእነዚህ ጄኔሬተሮች መቆጣጠሪያ ካርድ ሞተሩ በራሱ መሥራት እንደጀመረ የሚያውቀው ጄኔሬተሩ ማመንጨት ሲጀምር በሚደርሰው ቮልት ነው። ያ ቮልት ካልደረሰው ጣትህን ስታነሳ ያጠፋዋል። በተጨማሪ የዘይት ግፊት ስዊቹም አለ። ከኔ በፊት የነበረው ባለቤት ችግሩ ከስዊቹ መስሎት ሽቦውን ቆራርጦ ስዊቹን ከሥራ ውጭ አድርጎታል። ይሄ አናዶኛል። ስዊቹ እኮ ዘይት ሲያልቅ ሞተሩ ተጣብቆ እንዳይቀር የተገጠመ ጠባቂ ነው፤ ለሙከራ ያህል እንኳ ቢነካ ወዲያው ይመለሳል እንጂ እንደዚያ ሆኖ አይነዳበትም። መጀመሪያ እሱን እንደነበረ መለስኩ። ከዚያ ወደ ካርዱ የሚገባውን ባለብዙ እግር ሶኬት ነቀልኩ። አንዱ እግር በዝገት ጠቁሯል፣ ልክ የማመንጫው ቮልት የሚመጣበት። በኤሌክትሪክ ማጽጃ ስፕሬይ አጠብኩት፣ የላላውን ሴቴ በቀጭን መርፌ ጠበብ አደረግኩት፣ አለቀ። ሰዎች ሳይለኩ ካርዱን ነው የሚቀይሩት፤ ካርዱ ደግሞ ውድ ነው።

አንድ ሳልጠቅሰው የማላልፈው ነገር፦ የሞተርሆሙን የብሬከር ሳጥን ስከፍት ኒውትራል (የጅረቱ መመለሻ ሽቦ) እና ኧርዝ (ከመኪናው ብረት ጋር የተያያዘው የመከላከያ ሽቦ) አንድ ላይ ታስረው አገኘሁ። በሞተርሆም ውስጥ ሁለቱ ተለያይተው ነው መቆየት ያለባቸው፤ የሚገናኙት ምንጩ ጋ ነው፣ ማለትም ጄኔሬተሩ ላይ ወይም መኪናው የሚሰካበት ቦታ ባለው መስመር። ሳጥኑ ውስጥ ከተገናኙ ጅረቱ በመኪናው ብረት በኩል መመለሻ ያገኛል። የውጭ ኒውትራል ቢበጠስ ደግሞ በሩን የነካ ሁሉ 120 ቮልት ሊያገኘው ይችላል። ይህን ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ጠርቼ ነው ያሠራሁት። የ12 ቮልቱን ማንም ጠንቃቃ ሰው ባትሪ ነቅሎ ሊሠራው ይችላል፤ በዚህኛው ግን አይቀለድም።

በየቀኑ ሲኖሩበትስ? ቮልቱ የተረጋጋ ነው። ድግግሞሹ ያለ ጭነት 62 ኸርዝ አካባቢ ይሆንና አየር ማቀዝቀዣው ሲገባ ወደ 60 ይወርዳል፤ ለዚህ ዓይነት ጄኔሬተር ጤነኛ ነው። ቤንዚን ይወዳል፤ በመካከለኛ ጭነት በሰዓት ሁለት ሊትር አካባቢ ይጠጣል። የመኪናው ታንከር ወደ ሩብ ሲጠጋ ደግሞ ጄኔሬተሩ ይጠፋል። ይሄ ብልሽት አይደለም፤ መሃል መንገድ ላይ ነዳጅ ጨርሶ እንዳያስቀርህ የጄኔሬተሩ ቱቦ ሆን ተብሎ ከፍ ብሎ ነው የተገጠመው። ሽቦ መፈታታት ከመጀመርህ በፊት የነዳጅ ጌጁን እይ።

ከፍታው ላይ ይደክማል። ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር ቀላቃይ) ያለው ሞተር በየ300 ሜትሩ 3.5 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል ተብሎ ይታሰባል። ኦሮራ ላይ 4000ው ወደ 3300 ዋት ይወርዳል ማለት ነው። ከ3000 ሜትር በላይ ያለችው ሌድቪል ከተማ ስንወጣ አየር ማቀዝቀዣና ማይክሮዌቭ አብረው አልሄዱም። አዲስ አበባ ጄኔሬተር የምትገዙም ይህን አስቡበት፤ 2300 ሜትር ላይ ሆናችሁ ሳህኑ ላይ የተጻፈውን ሙሉ ዋት አትጠብቁ፣ ሩብ ያህሉ ይጠፋል።

አጠባበቁ ቀላል ነው። በወር አንዴ ለሁለት ሰዓት ያህል በግማሽ ጭነት አሠራዋለሁ፤ ዝም ተብሎ ከቆመ ካርቡራተሩ ይደፈናል። ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ስንጥቅ እንደሌለው ሁልጊዜ አያለሁ፤ መኝታው አጠገብም የካርቦን ሞኖክሳይድ (ከጭሱ የሚወጣ ሽታ የሌለው ገዳይ ጋዝ) ጠቋሚ አለ። ያለ እሱ ማታ ጄኔሬተር አስነስቶ መተኛት አይታሰብም።

በዚህ ዘመን የተሠራ ሞተርሆም ለመግዛት የምታስቡ ካላችሁ፣ ሻጩ ጄኔሬተሩን አሙቆ እንዳይጠብቃችሁ አስቀድማችሁ ንገሩት። ቀዝቅዞ እያለ አስነሱት፣ አየር ማቀዝቀዣውን ጫኑበትና ግማሽ ሰዓት አብራችሁት ቁሙ። ጭስ ካላበዛ፣ የብረት ድምፅ ካላሰማ፣ ችግሩ ዳተኛ ሞተሪኖ ወይም ጣት ሲነሳ መጥፋት ብቻ ከሆነ ዋጋውን አስቀንሳችሁ ግዙት። ቤት ስትገቡ የማሳውን ዳዶ በመጀመሪያ ፍቱ።