ከፊልም ወደ ዲጂታል፦ ያገለገለ ኒኮን ዲ7000 ወይስ ካኖን 600ዲ?

በዚህ ዓመት አምስት ጓደኞቼ አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቁኝ። «የአባቴ የፊልም ካሜራ ቤት ቁጭ ብሏል፤ ፊልም ማግኘት አልቻልኩም፤ የቱን ዲጂታል ልግዛ?» ለአምስቱም በስልክ ስመልስ ከረምኩ። አሁን ጽፌ ላስቀምጠው።

ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ቁም ሳጥኑን ክፈቱና ሌንሶቹን አውጡ። የምትገዙትን ካሜራ የሚወስኑላችሁ እነሱ ናቸው። የኒኮን ሌንስ ካላችሁ ያገለገለ ዲ7000 ግዙ። ይሄ የእኔ አቋም ነው፤ ለማንም አልደብቅም። አቋሙን ያገኘሁት 11 ሺህ ብር ከፍዬ ነው።

እኔ ኒኮን ኤፍኤም2 ይዤ ነው ያደግሁት። ሃምሳ ሚሊ ሜትር፣ 28 እና አንድ 80–200 ሌንስ አለኝ። ፊልም የተውኩት ጠልቼው አይደለም። ከውጭ በሰው የሚመጣ አንድ ጥቅል 1,300 ብር ገባ። ማሳጠቢያና ስካን ማድረጊያ 700 ብር። በ36 ፎቶ ሲካፈል አንዴ በተጫንኩ ቁጥር 55 ብር ይሄዳል ማለት ነው። ልጄ ስትስቅ እያየሁ «ይቅር፣ አላነሳም» ማለት ስጀምር በቃኝ።

ታኅሣሥ 2017 ላይ ገንዘብ ቋጥሬ ወጣሁ። ሻጩ ከኒኮን የጀማሪ ካሜራዎች አንዱን አሳየኝ። ቀላል ነው፣ 24 ሜጋፒክስል ነው፣ ከዲ7000 በኋላ የወጣ ነው። ሁሉም እውነት ነበር። ከነሌንሱ 42 ሺህ ብር ከፈልኩ። ማታ ቤት ገብቼ የምወደውን ሃምሳውን ገጠምኩበት። ቀጭ ብሎ ገባ። ስጫን ግን ካሜራው አላነሳም አለ። ስክሪኑ ላይ «ሌንስ አልተገጠመም» የሚል ጽሑፍ መጣ። ሌንሱ ተገጥሞ በግራ እጄ ይዤዋለሁ! ሁሉንም በማኑዋል፣ ማለትም በእጅ፣ ካላደረግኩ አያነሳም፤ በማኑዋል ሲያነሳ ደግሞ ብርሃኑን አይለካልኝም። 80–200ው ደግሞ በራሱ ፎከስ የሚያደርግ ሌንስ ነው፤ እዚያ ላይ ግን ፎከሱ አልንቀሳቀስ አለ። ከሦስት ወር በኋላ ዕቃውን በ31 ሺህ ሸጥኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤፍ የሚባለው የኒኮን የሌንስ መግጠሚያ እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ ቅርጹ አልተቀየረም። ስለዚህ የድሮ ሌንስ ይገባል። መግባትና መሥራት ግን ለየብቻ ናቸው። የዲ3000 እና የዲ5000 ቤተሰብ በሙሉ ውስጡ የፎከስ ሞተር የለውም፤ የድሮ ማኑዋል ሌንስ ሲገጠምም ብርሃን አይለካም። ዲ90 ሞተሩ አለው፣ መለካቱ የለውም። ዲ7000፣ ዲ7100 እና ዲ7200 ሁለቱንም አላቸው። ዲ7500 ላይ መለካቱን መልሰው አስቀሩት። ስለዚህ «አዲስ ነው» ስትባሉ አትቸኩሉ። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ዲ7000 ለድሮ ሌንስ እ.ኤ.አ. በ2017 ከወጣው ዲ7500 ይሻላል።

ዲ7000 ላይ ሜኑ ገብታችሁ ሌንሱ ላይ የተጻፉትን ሁለት ቁጥሮች ትነግሩታላችሁ፤ 50፣ ከዚያ 1.8። አለቀ። አፐርቸሩን፣ ማለትም ብርሃን የሚገባበትን ቀዳዳ፣ በሌንሱ ቀለበት ታዞራላችሁ፣ ካሜራው ብርሃኑን ይለካል። ፎከሱ ሲይዝ ዓይናችሁን ያሳረፋችሁበት መስኮት ውስጥ ትንሽ አረንጓዴ ነጥብ ትበራለች። የመጀመሪያ ቀን ያቺን ነጥብ ሳያት ዓይኔ እንባ አቀረረ። ኤፍኤም2ዬ ተመልሶ የመጣ ነው የመሰለኝ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1977 በፊት የተሠሩ የኒኮን ሌንሶችን ዲ7000 ላይ በግድ አትግጠሙ። የካሜራውን ስስ ክፍል ይሰብራሉ። መለያው ቀላል ነው፤ የአፐርቸሩ ቀለበት ላይ ከትልቁ ቁጥር ሌላ ሁለተኛ የትናንሽ ቁጥሮች ረድፍ ካለ ይሆናል። ከሌለ ተዉት።

ካኖን 600ዲስ? መጥፎ ካሜራ አይደለም። ቪዲዮ ለሚሠራ ሰው እኔም እሱን ነው የምለው፤ ስክሪኑ ይዞራል፣ ቪዲዮ ላይም ይመቻል። እኔ የማውቃቸው የሰርግ ፎቶ አንሺዎችም አብዛኞቹ ካኖን ስለሚይዙ ሌንስ መዋስ አይከብድም። ግን ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ «የአባቴ ኤኢ-1 ካኖን ነው፣ ካኖን ከገዛሁ ሌንሱ ይሠራል» ይላል። አይሠራም። ካኖን እ.ኤ.አ. በ1987 መግጠሚያውን ቀይሯል። ከዚያ በፊት የነበሩት ሌንሶች 600ዲ ላይ አይገቡም። ከዚያ ወዲህ ከወጡት፣ ኢኦኤስ ከሚባሉት የካኖን ፊልም ካሜራዎች የተረፈ ሌንስ ካላችሁ ግን ከነፎከሱ ይሠራል፤ እንደዚያ ከሆነ ካኖን ግዙ።

ዜኒት የሚባለው የሩሲያ ፊልም ካሜራ ያላችሁም ወደ ካኖን ሂዱ። ያ ሄልዮስ የሚባለው 58 ሚሊ ሜትር ሌንሱ በአንዲት ስስ ቀለበት 600ዲ ላይ ይገጠማል፣ ሩቁንም አጥርቶ ያነሳል። ኒኮን ላይ በተራ ቀለበት ከገጠማችሁት ሩቅ ያለ ነገር ይደበዝዛል።

አሁን ወደ ብሩ። ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዶላሩ ከ57 ብር ተነስቶ ከ100 በላይ ወጣ፣ የካሜራ ዋጋም አብሮ ወጣ። 600ዲ ከነትንሿ ሌንሱ 40 ሺህ ብር ተጠየቅሁ። ሃምሳ ሌንስ ለብቻው 14 ሺህ። ድምሩ 54 ሺህ። ዲ7000 ቦዲውን ብቻ እዚህ 36 ሺህ አሉኝ። ዋሽንግተን ያለች የአክስቴ ልጅ ግን ያገለገለ በ145 ዶላር ገዝታ በሰው ላከችልኝ፤ ለእናቷ እዚህ 19 ሺህ ብር ሰጠሁ። ኦሪጅናል ትርፍ ባትሪ 5 ሺህ፣ ሁለት ባለ 32 ጊጋ ሜሞሪ 3,600። ድምሩ 27,600 ብር። ሌንስ አልገዛሁም፣ ቤት አለኝ። ልዩነቱ 26,400 ብር ነው። ውጭ ዘመድ የሌለው ሰው በ36ቱ ሺህ ቢገዛም ድምሩ 44,600 ነው፤ አሁንም ከካኖኑ ወደ 10 ሺህ ይቀንሳል።

አንድ ነገር ግን አስቡ። እነዚህ ካሜራዎች ምስል መያዣቸው ከፊልም ያነሰ ነው። ኒኮን ላይ ሃምሳው እንደ 75 ሆኖ ያነሳል። ለፊት ፎቶ ግሩም ነው፤ ጠባብ ሳሎን ውስጥ ቡና ላይ የተሰበሰበ ቤተሰብ ለማንሳት ግን ጀርባችሁ ግድግዳ ይነካል። 28ቱ እንደ 42 ስለሚሆን ለእኔ በቃኝ።

ኮፒ ዕቃ ላይ ደግሞ እለምናችኋለሁ። መጀመሪያ ኦሪጅናሉን ባትሪ ትቼ በ1,500 ብር ኮፒ ገዝቼ ነበር። በሁለተኛው ወር ባትሪው አብጦ ካሜራው ውስጥ ተቀረቀረ። ፒያሳ አካባቢ የሚሠሩ አንድ አዛውንት ጠጋኝ ዘንድ ወሰድኩት። ካሜራውን ጆሯቸው አጠገብ ነቅነቅ አደረጉት።

«በቢላ ነካክተኸዋል እንዴ ልጄ?»

«ኧረ አልነካሁትም ጋሼ።»

«ጎበዝ። የሚነካካው ነው ውስጡን የሚጨርሰው።»

ጠንካራ ፕላስተር ባትሪው ጫፍ ላይ ለጠፉ፣ ጣታቸው ላይ ጠቅልለው ቀስ እያሉ ሳቡ። ሩብ ሰዓት ፈጀባቸው። የባትሪው ክዳን ማጠፊያ ግን ተሰንጥቆ ነበር። 1,200 ብር ከፈልኩ። 3,500 ብር አተርፋለሁ ብዬ ኮፒውን 1,500፣ ጥገናውን 1,200 ከፈልኩ፤ ኦሪጅናሉንም በኋላ መግዛቴ አልቀረም።

ሜሞሪው ከዚያ የባሰ ነው። 64 ጊጋ ተብሎ የተሸጠልኝ ውስጡ 8 ብቻ ነበር። ካሜራው 64 ብሎ ያነበዋል፣ ፎቶም ይቀበላል። የእህቴን ልጅ ክርስትና አንስቼ ቤት ስከፍት ከአራት መቶ ምናምኑ በኋላ ያለው ሁሉ ግራጫ ሆኗል። ቄሱ ሕፃኑን ሲያጠምቁ ያለው የለም። እህቴ እስካሁን አንድም ቃል አልተናገረችኝም፤ እኔ ግን አልረሳውም። አዲስ ሜሞሪ ስትገዙ ኮምፒውተር ላይ አፉ ድረስ በቪዲዮ ሙሉትና እያንዳንዱን ክፈቱት። ዲ7000 ደግሞ የሁለት ሜሞሪ ቦታ አለው። ሁለተኛውን ቅጂ መያዣ አድርጉት። ለዚህ ብቻ እንኳ ከ600ዲ አስበልጠዋለሁ።

ያገለገለ ስትገዙ ሻጩ ፊት አንድ ፎቶ አንሱና ወደ ስልካችሁ ውሰዱት። የኒኮን ፎቶ ውስጥ ካሜራው ስንት ጊዜ እንዳነሳ ተጽፎ ይቀመጣል፤ የፎቶ መረጃ የሚያነብ መተግበሪያ ያሳያችኋል። የ600ዲ ፎቶ ይህን አይዝም፤ በገመድ ከኮምፒውተር ጋር ካልተገናኘ ሻጩ ያለውን ማመን ነው። የዲ7000 ሹተር፣ ማለትም ስትጫኑ የሚከፈተውና የሚዘጋው መጋረጃ፣ 150,000 ጊዜ እንዲሠራ ተፈትኖ የወጣ ነው። በፊልም ቢታሰብ ከ4,100 ጥቅል በላይ ነው። እኔ የደረሰኝ 31,000 ላይ ነበር። ከ80,000 ካለፈ ዋጋ ቀንሱ በሉ፣ ከ120,000 ካለፈ ተዉት።

ሌንሱንም በስልክ መብራት ከኋላ እያበራችሁ እዩት። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነገር ካለ ሻጋታ ነው። «ይጸዳል» ይሏችኋል። የእኔ 28 ሊጸዳ ሄዶ መስታወቱ ተጭሮ ነው የተመለሰው።

ከፊልም ለመጣ ሰው መጀመሪያ የሚከብደው ነጭ ነው። ፊልም ብርሃን ቢበዛበት ይችለዋል፣ ዲጂታል አይችልም። ጥምቀት ላይ ጃን ሜዳ በቀትር ያነሳኋቸው እናቶች ነጠላቸው ወረቀት መስሎ ቀረ፤ ሽመናውም እጥፋቱም ጠፋ። አሁን ነጠላ ባለበት ሁሉ የካሜራውን ብርሃን ማስተካከያ ወደ −0.7 አወርደዋለሁ። ፊት ትንሽ ቢጠቁር በኋላ ኮምፒውተር ላይ ይነሳል፤ የነደደ ነጭ ግን አይመለስም።

ዲ7000 እዚህ ከ36 ሺህ በላይ ከጠሩባችሁ አትክፈሉ። ያን ጊዜ ዲ7100 ጠይቁ፤ የድሮ ሌንስ እኩል ይቀበላል።