ሲሞቅ ለሚጠፋ ኮሮላ ዲኤክስ፦ አዲስ ኮፒ ቦቢና ወይስ ያገለገለ ኦሪጅናል?

ባለፉት ሁለት ወራት ብቻ አምስት ሰው ያንኑ ጥያቄ ጠይቆኛል። «መኪናዬ ጠዋት በአንድ ቁልፍ ትነሳለች፤ ሃያ ደቂቃ ከሄደች በኋላ ግን ትንገጫገጭና ትጠፋለች። ግማሽ ሰዓት ካረፈች መልሳ ትነሳለች። ቦቢና ቀይር ተብያለሁ፤ የትኛውን ልግዛ?» ቦቢና የባትሪውን ኤሌክትሪክ ለሞተሩ ብልጭታ የሚያሳድግ ዕቃ ነው። መልሴን ከመጀመሪያው ልናገር፦ ያገለገለ ኦሪጅናል ግዙ። አዲሱ ኮፒ በሚያብረቀርቅ ካርቶን ቢመጣም፣ ዋጋው ግማሽ ቢሆንም ተዉት። ይህን የተማርኩት 7,300 ብር ከፍዬ ነው።

የእኔ መኪና ባለ 4ኬ ሞተር፣ ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅል) እና ፑንቲና (የቦቢናውን ኤሌክትሪክ የሚከፍትና የሚዘጋ) ያላት ኮሮላ ዲኤክስ ናት። መጀመሪያ «ካርቡራተርህ ቆሽሿል» ተባልኩና ለእጥበትና ለጥገና 2,500 ብር ከፈልኩ። በእርግጥም ቆሽሾ ነበር፤ ሆኖም በአራተኛው ቀን እዚህ ጎንደር ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ስወጣ ዳገቱ ላይ ጠፋች። ቀጥሎ አዲስ ኮፒ ቦቢና በ1,400 ብር ገዛሁ። አሥራ አንድ ቀን ሠራ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ከቆላ ድባ ስመለስ አዘዞ ሳልደርስ ሞተሩ ጸጥ አለ፤ በገመድ ጎትቶ ከተማ ላደረሰኝ ፒክአፕ 2,000 ብር ሰጠሁ። ሻጩ «የኤሌክትሪክ ዕቃ ከተገጠመ አይመለስም» አለኝ። ከሌላ ሱቅ ሌላ ኮፒ ገዛሁ፤ የካርቶኑ ቀለም ተለየ እንጂ ዋጋው ያው 1,400 ነው። እሱም ወር ሳይሞላው ሲሞቅ ማስቸገር ጀመረ። ከአዲስ አበባ አዲስ ኦሪጅናል ለማስመጣት የተጠየቅኩት 7,500 ብር ነበር፤ ውድ ነው ብዬ የተውኩት እሱን ነው። በመጨረሻ ከተፈታ መኪና የወጣ ኦሪጅናል አግኝቼ 3,500 ተብዬ በ2,800 ተስማማን። ያ ቦቢና አሁን ሁለተኛ ክረምቱን ይዟል፤ ደባርቅ ደርሶ ሲመለስም አላስቸገረኝም።

የመጀመሪያው ኮፒ በጠፋብኝ ቀን ኮፈኑን ከፍቼ ስነካው መዳፌን ለበለበኝ። ከአንገቱ ጥቁር ዘይት ወርዶ ቆርቆሮው ላይ ደርቋል። በኋላ ከኦሪጅናሉ ጋር በየተራ እናቴ በርበሬ በምትመዝንበት ሚዛን ላይ አስቀመጥኳቸው፤ መጠናቸው እኩል ሆኖ ሳለ ኮፒው ከሩብ በላይ ይቀላል። በመጋዝ ሰንጥቄ ስከፍተው የጎደለው ምን እንደሆነ አየሁ፤ መዳቡ ነው። ቦቢና የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 20 ሺህ ቮልት ገደማ የሚያወጣው በሺህ የሚቆጠር ዙር የተጠመጠመ ቀጭን ሽቦ ስላለው ነው። የሽቦው መሸፈኛ ቫርኒሽ ደካማ ከሆነ ሲሞቅ ይሰነጠቅና ብልጭታው ቤንዚኑን ወደሚያቀጣጥለው ካንዴላ ሳይደርስ እዚያው ውስጥ ይዘላል፤ ሞተሩም ይጠፋል። ሲቀዘቅዝ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ መልሶ ይሠራል። ብዙ ሰው የሚታለለው በዚህ ነው።

ዳሩ ግን ቦቢና ከመግዛታችሁ በፊት ጥፋቱ የቦቢና መሆኑን አረጋግጡ። ይህ አንድ ብር አያስወጣም። ያስተማሩኝ አንድ በዕድሜ የገፉ መካኒክ ናቸው፤ «ጋሼ፣ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ይፈታ ይሆን?» ብላቸው «ልጄ፣ መጀመሪያ ጨርቅ አርጥብ» አሉኝ። ሞተሩ በጠፋበት ቅጽበት እርጥብ ጨርቅ ቦቢናው ላይ ጠቅልሉ፣ አምስት ደቂቃ ጠብቁ፣ ቁልፉን አዙሩ። ወዲያው ከተነሳ ጥፋተኛው ቦቢናው ነው። የጋለ ሞተር ላይ ግን ውሃ አታፍስሱ። ሁለተኛው መንገድ ትርፍ ካንዴላ በመኪና ውስጥ መያዝ ነው። ከቦቢናው የሚወጣውን ወፍራም ገመድ ካንዴላው ላይ ሰክታችሁ፣ የካንዴላውን ብረት ሞተሩ ላይ አስነክታችሁ፣ ሌላ ሰው ሞተር የሚያስነሳውን ሞቶሪኖ ያዙር። ቤንዚን የፈሰሰበት ቦታ ላይ አታድርጉት፤ ገመዱንም በባዶ እጅ ሳይሆን ፕላስቲክ ባለው ፒንሳ ያዙ። ጧ የሚል ሰማያዊ ብልጭታ ካያችሁ ቦቢናው ደህና ነው፤ ቀይና የሳሳ ከሆነ ወይም ከሌለ ግን ችግሩ ብዙውን ጊዜ ከቦቢና፣ ከፑንቲና ወይም ከፑንቲናው ጋር ከሚሠራው ኮንደንሰር አያልፍም።

ብልጭታው ደህና ሆኖ ከጠፋች ወደ ቤንዚን ሂዱ። የአየር ማጣሪያውን አንስታችሁ የካርቡራተሩን ጉሮሮ እያያችሁ ነዳጅ መስጫውን በእጅ ሳቡ፤ ቤንዚን ቀጥ ብሎ መርጨት አለበት። ካልረጨ የታንከሩን ክዳን ክፈቱ፤ ፉጨት ከሰማችሁ የክዳኑ መተንፈሻ ተደፍኗል፤ መድኃኒቱ በመርፌ መጥረግ ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ እዚህ የሚፈላው 93 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ቤንዚንም እንዲሁ ቶሎ ይተናል። ዳገት ወጥታ ወዲያው በቆመች መኪና ውስጥ የቤንዚን ፖምፓው ከቤንዚን ይልቅ እንፋሎት ይስባል። እርጥቡን ጨርቅ ፖምፓው ላይ ስታደርጉ ከተነሳች፣ ቦቢና ገዝታችሁ ብራችሁን አታባክኑ።

ያገለገለ ስትገዙ ሻጩ «ይሠራል» ስላለ ብቻ አትክፈሉ። ቀዝቃዛ ሆኖ ሁሉም ይሠራል። እኔ የያዝኩት ቀብድ ሰጥቶ ወስዶ መሞከርን ነው፤ 500 ብር ቀብድ፣ አንድ ቀን ሙከራ። ቦቢናውን ውሃ በማያስገባ ላስቲክ ጠቅልዬ፣ ገመዶቹን ወደ ላይ አውጥቼ፣ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ፈልቶ ትንሽ የበረደ ውሃ ባለበት ባልዲ ውስጥ ሩብ ሰዓት እተወዋለሁ። ከዚያ የሽቦውን የኤሌክትሪክ ተቃውሞ (በኦም) በመልቲ ሜትር እለካለሁ። ቀዝቅዞ 1.5 ኦም የነበረው በ80 ዲግሪ ወደ 1.8 ቢወጣ የመዳብ ጠባይ ነው። መስመሩ ከተቋረጠ ወይም ቁጥሩ ከወረደ መልሱት። ርካሽ መልቲ ሜትር ሁለቱ ጫፎች ሲነካኩ ራሱ 0.3 ገደማ ያነባል፤ ያንን ቀንሱ።

አንድ ነገር ደግሞ ኦሪጅናሉንም ያቃጥላል። አንዳንዱ ቦቢና ከውጭ ሬዚስተር (ኤሌክትሪኩን ከሚቀንስ ዕቃ) ጋር እንዲሠራ የተሰራ 1.5 ኦም ነው፤ ሌላው ያለ ሬዚስተር የሚሠራ 3 ኦም ነው። የመጀመሪያውን ያለ ሬዚስተር ከገጠማችሁት ይግላል፣ ፑንቲናውንም ይበላል። የእኔን ኮፒ የገጠመልኝ ሰው «ትርፍ ሽቦ ነው» ብሎ ሬዚስተሩን ዘሎት ነበር። ስለዚህ ኮፒው ላይ ብቻ አልፈርድም፤ ሁለተኛው ግን ሬዚስተሩ ተመልሶለትም ከወር አላለፈም።

ኮንደንሰርም እንደ ቦቢናው ነው፤ አሮጌው ኦሪጅናል ከአዲሱ ኮፒ ይሻላል፣ ያወጣችሁትንም አትጣሉ። ፑንቲና ግን የሚያልቅ ዕቃ ስለሆነ አዲስ ይገዛ፣ ክፍተቱም 0.45 ሚሊሜትር ይሁን። አዲስ ኦሪጅናል የመግዛት አቅም ያለው ሰው ይግዛ፤ መኪናዋ ታክሲ ሆና ቀኑን ሙሉ የምትሠራ ከሆነ 7,500ው ያዋጣል። ለቤት መኪና ግን 2,800ው ይበቃል፤ ከ3,000 በላይ ከተጠየቃችሁ ተነስታችሁ ለመሄድ ሞክሩ፣ ይጠሯችኋል።

ሁለተኛውን ኮፒ አልጣልኩትም። ከካንዴላው፣ ከካቻቢቴውና ከአሮጌው ኮንደንሰር ጋር በጨርቅ ተጠቅልሎ ከኋላ ተቀምጧል፤ ቀዝቅዞ እስካለ ድረስ ሃያ ደቂቃ ይወስደኛል፤ ከአዘዞ ቤት ለመግባት ያ ይበቃል።